ምላጭ አይጫኑትም፦ ስለ እጀታና ሚዛን በሐዋሳ ያደረግሁት ንግግር

(በሐዋሳ ከተማ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ፣ የጸጉር አስተካካዮችና ተለማማጆች በተሰበሰቡበት ከሰዓት በኋላ ያቀረብኩት ነው። መምጣት ያልቻሉ የሙያ ጓደኞቼ ስለጠየቁኝ ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ አስፍሬዋለሁ።)

የተከበራችሁ የሙያ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከፊት ረድፍ የተቀመጣችሁ ተለማማጅ ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? የግማሽ ቀን ገቢያችሁን ትታችሁ፣ ወንበራችሁን ሸፍናችሁ በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። ለአንድ ጸጉር ቤት ግማሽ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ ጊዜያችሁን በከንቱ አልወስድም።

አዘጋጆቹ «ስለ ምላጭ ይንገሩን» ሲሉኝ እሺ አልኳቸው። ስለ ስለቱና ስለ አሳሳሉ የምናገር መስሏቸው ይሆናል። ስለ ስለት የሚናገር ሞልቷል። ምላጭ የሚገዛ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስል ነው ወይ?» ብሎ ነው። «እጀታው ከምን ተሠራ? ክብደቱ ወዴት ያዘነብላል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አርባ ዓመት ሊሞላው በተቃረበው የሥራ ዘመኔ ያጋጠመኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እርሳቸውም ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው፤ ዛሬም እንዲሁ ልጥራቸው።

ስለ የትኛው ምላጭ እንደምናገር በቅድሚያ ልግለጽ። እንደ ሰንጢ የሚታጠፈውን፣ ሲዘጋ ስለቱ እጀታው ውስጥ የሚተኛውን የጥንቱን ምላጭ ማለቴ ነው። የእርሱ እጀታ እጀታም ነው፣ ሰገባም ነው። ዛሬ በየጸጉር ቤታችን የምንጠቀመው ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ምላጭ የሚገባበትን መያዣ ነው፤ እንዲህም ሊሆን ይገባዋል። ደም ከሰው ወደ ሰው በሽታ ያስተላልፋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ታጣፊው ምላጭ የአንድ ሰው፣ የባለቤቱ ብቻ ይሁን። ነገር ግን ስለ ሚዛን የምነግራችሁ ሁሉ ለምላጭ መያዣውም ይሠራል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ስለ ሦስት ነገሮች እናገራለሁ፦ ስለ ሚዛኑ፣ እጀታው ስለሚሠራበት ነገር፣ ስትገዙና ስታስጠግኑ ምን ማየት እንዳለባችሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሚዛን ምንድን ነው? ከትርጉሙ በፊት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ተለማማጅ በነበርኩበት ዘመን ጸጉር ቤታችን ሁለት ታጣፊ ምላጮች ነበሩት። የአንደኛው እጀታ ቀንድ ነበር። ሌላው ሲሚንቶ ላይ ወድቆ እጀታው ስለተሰበረ፣ በአቅራቢያችን የሚሠራ ብረት ሠሪ ከናስ ቆርጦ አዲስ እጀታ አበጀለት። እንዴት ያምር ነበር! እንደ ወርቅ ያብረቀርቃል። ጋሼ አይወዱትም ነበር፤ ምክንያቱን ግን አልነገሩኝም። አንድ ቀን ጠዋት እርሳቸው ወጣ ባሉበት አንድ ሽማግሌ ገቡ። እኔም በኩራት ያንን የናስ እጀታ ያለውን አነሳሁ። ስለቱ እንከን አልነበረበትም፤ በዚያው ጠዋት በጠፍሩ ላይ ያመላለስኩት እኔ ራሴ ነኝ። ጉንጫቸውን በሰላም ጨረስኩ። አገጫቸው ሥር ስደርስ ግን የምላጩ ጫፍ እየተነሳ አስቸገረኝ። እንዲወርድልኝ በሌባ ጣቴ ተጫንኩት። ወዲያው አረፋው ቀላ።

ሽማግሌው አልጮኹም። ፎጣውን አገጫቸው ላይ ይዘው «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። ያ «አይዞህ» ከቁጣ ይልቅ ከብዶኝ ቀረ፤ እስከ ዛሬም ይሰማኛል።

ጋሼ ሲመለሱ አልተቆጡኝም። የናሱን ምላጭ ከፍተው፣ ስለቱና እጀታው የሚገናኙበትን ምስማር ሌባ ጣታቸው ላይ አሳረፉት። ወዲያው በእጀታው በኩል ተዘቅዝቆ ወደቀ። ከዚያ የቀንዱን አነሱና እንዲሁ አደረጉ። ጣታቸው ላይ ቆመ! ትንሽ ተወዛወዘ፣ ከዚያ ቆመ። «አየህ?» አሉኝ። «ይኼኛው ይታገልሃል፤ ይኼኛው ይታዘዝሃል። ምላጭ አይጫኑትም። የምትጫነው ሚዛኑ የተበላሸውን ነው።»

ምላጭ አይጫኑትም። ልጆቼ፣ ከዛሬው ንግግሬ ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ ድካሜ ከንቱ አይሆንም። ስል ምላጭ ጺሙን ለመቁረጥ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ሲጫኑት ጺሙን ትቶ ቆዳውን ይይዛል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ታጣፊ ምላጭ ስትይዙ ጣቶቻችሁ የሚያርፉት የት ነው? እጀታው ላይ ነው? አይደለም! ሦስቱ ጣቶች የሚያርፉት የብረቱ አንገት ላይ ነው፤ አውራ ጣት ከሥር ይደግፋል፤ ትንሿ ጣት በብረቱ ጅራት ላይ፣ ከምስማሩ አልፎ በወጣው ጫፍ ላይ፣ ትቀመጣለች። እጀታው ወደ ላይ ተከፍቶ በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት መካከል ይወጣል። እንግዲህ ካልያዝነው፣ እጀታው ምን ያደርግልናል?

ሥራው ማመዛዘን ነው። ምስማሩን እንደ ተንጠልጣይ ሚዛን ማንጠልጠያ ቁጠሩት። በአንዱ በኩል ስለቱ አለ፤ በሌላው በኩል እጀታው አለ። ሚዛን ላይ የሚሠራው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ክብደት በርቀት ተባዝቶ ነው። ከምስማሩ 12 ሴንቲ ሜትር ርቆ በእጀታው መጨረሻ ላይ 5 ግራም ብትጨምሩ፣ በስለቱ በኩል በ4 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ 15 ግራም ካልጨመራችሁ አይመለስም። ምላጭ እኮ ከነእጀታው ከአንድ እንቁላል ብዙም አይከብድም! በእንዲህ ያለ ቀላል ዕቃ ላይ አምስት ግራም ቀልድ አይደለም። የናሱ እጀታ ያሸነፈኝ ለዚህ ነው። ወደ ኋላ ሲስበው የስለቱ ጫፍ ይነሳል፤ ጫፉ ሲነሳ እጅ ይጫናል።

እጀታው ከመጠን በላይ ከቀለለስ? ያኔ ተቃራኒው ይሆናል። ጫፉ ወደፊት ይደፋል፤ በጆሮ ሥርና በከንፈር ጥግ ላይ ይወጋል። ተለማማጅ ጫፉ እንዳይወጋበት ስለሚፈራ አንገቱን ጨምቆ ይይዛል። የተጨመቀ እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል።

ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ የሚገፉትን ልጆች ተመልክታችኋል? እኔ ዘወትር ቆሜ አያቸዋለሁ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በሁለት ሦስት ምት ቆዳውን ገፈው ሥጋውን ያነሱታል። አንዱ ልጅ የቢላዋውን እጀታ በከመነዳሪ ጎማ ወፍራም አድርጎ ጠቅልሎታል። ለምን እንደጠቀለለው ጠየቅኩት። «እንዳያንሸራትተኝ ነው» እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። «ወደ ጫፉ ይከብዳል፤ ካልጠቀለልኩት ቆዳውን ይበጣዋል» አለኝ። ምላጭ ያልነካ ልጅ ነው! ያለ መምህር፣ ከሥራው ብቻ ጋሼ የነገሩኝን ደርሶበታል።

ታዲያ ሚዛኑ የት ላይ ቢሆን ይመረጣል? አብዛኞቹ ጥሩ ምላጮች ሙሉ በሙሉ ተዘርግተው ምስማሩ ላይ ወይም በአጠገቡ ይቆማሉ። እኔ የምወደው ከምስማሩ ወደ ስለቱ በጥቂቱ ያዘነበለውን ነው፤ ክብደቱ ቆዳው ላይ ያርፍና እጄ መንገዱን ብቻ ይመራዋል። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ እዚህ ያሉ ታላላቆቼ ምስማሩ ላይ ልክ የሚቆመውን ይመርጡ ይሆናል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ በሥራ ጊዜ እጀታው ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ አይቆይም፤ ወደ ላይ ይታጠፋል። በታጠፈ መጠን ክብደቱ ወደ ጣቶቻችን ይቀርባል። ስለዚህ የመክፈቻውን ማዕዘን ትንሽ በማጥበብና በማስፋት ብቻ ሚዛኑን ማስተካከል ይቻላል። ይህን ያወቅኩት ሙያውን ከጀመርኩ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ለእናንተ ግን ዛሬ በነጻ ሰጠኋችሁ።

ስለ ስለቱ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም እጀታ የሚመረጠው ለስለቱ ነው። የስለት ስፋት የሚለካው በኢንች ስምንተኛ ነው። አምስት ስምንተኛ የሚባለው ወደ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስድስት ስምንተኛው ወደ 19 ይጠጋል። የጥንቶቹ የእንግሊዝ ሼፊልድ ምላጮች ብዙዎቹ እንደ ሽብልቅ ወፍራምና ከባድ ነበሩ። ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ አጥርቶ የማቅለጥ ዘዴ ካገኘ በኋላ የሼፊልድ የስለት ዝና ይበልጥ ጨመረ። የጀርመኗ ዞሊንገን ደግሞ ጎንና ጎኑ በተቦረቦረው፣ ቀጭንና ቀላል በሆነው ስለት ስሟ ገነነ። እርሱ ጺም ሲቆርጥ ድምፅ አለው፤ ጆሮ ለሰጠው ሰው ይነግረዋል። ለሽብልቁ ጠንከር ያለ እጀታ ይስማማዋል። ለቦርቧራው ግን ቀጭንና ቀላል እጀታ ያስፈልገዋል። የቀላሉን ስለት በከባድ እጀታ ማሠር ወጣት በሬን ከዝሆን ጋር መጥመድ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ፤ እጀታው ከምን ይሠራል?

በቀንድ ልጀምር፤ ቀንድን እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቀዋለን። ዋንጫችን ቀንድ ነው። የአባቶቻችን የጎራዴ እጀታ ሳይቀር ቀንድ ነበር። ቀንድ የተሠራው ጸጉራችንና ጥፍራችን ከተሠራበት ነገር ነው፤ ኬራቲን ይባላል። እስቲ አስቡት፤ ጺም የሚቆርጠው ምላጭ ጺም ከተሠራበት ነገር በተሠራ እጀታ ይያዛል! አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ቀንድ 1.3 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ብረት በዚያው መጠን 7.8 ግራም ነው። ስለዚህ ቀንድ ቀጭንና ቀላል ሆኖ ይሠራል፤ ሲጫኑት ትንሽ ይለመጣል እንጂ አይሰበርም። እጅ ውስጥ ቶሎ ይሞቃል። እኔ ከሁሉም እርሱን እወዳለሁ፤ አልደብቅም።

ነገር ግን ቀንድ ውሃ ይጠጣል። ጠጥቶ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ከደረቀ ይጣመማል። አንድ ክረምት የራሴን የቀንድ ምላጭ በመታጠቢያው ጠርዝ ላይ እርጥብ እንደሆነ ትቼው ለለቅሶ ወደ ገጠር ሄድኩ። አራት ቀን ቆየሁ። ስመለስ አንደኛው የእጀታ ክንፍ ወደ ውስጥ ጎብጧል። ሳላስተውል ስዘጋው ስለቱ ክንፉን ነካና ጫፉ ተሸረፈ። ያንን ሽራፊ ለማውጣት ሁለት ሙሉ ምሽት ድንጋይ ላይ ሳልኩት። እንግዲህ የቀንድ እጀታ ያላችሁ ሁሉ፣ ከሥራ በኋላ አድርቁት፣ አልፎ አልፎ ዘይት ቀቡት፣ ፀሐይ ላይም አታስጡት። የሐይቅ ዳር ሰዎች ነን፤ እርጥበት ለእኛ ጎረቤታችን ነው። ሌላም ጠላት አለው፤ ቆዳና ቀንድ የሚበሉ ትናንሽ ነፍሳት። ለረጅም ጊዜ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ቀንድ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ካያችሁ እነርሱ ናቸው።

አጥንትና የዝሆን ጥርስ ከቀንድ ይከብዳሉ። የዝሆን ጥርስን በሚመለከት የምለው አንድ ነው፦ የዓለም አቀፍ ንግዱ እ.ኤ.አ. በ1989 በተላለፈ ውሳኔ ታግዷል፤ ደስም ብሎኛል። ማንም ጺሙን እንዲላጭ ተብሎ ዝሆን መሞት የለበትም።

እንጨትስ? ወይራ አለን፤ ዞጲ አለን። ዞጲ ሐይቃችን ውስጥ ቢጥሉት ይሰጥማል፤ ከውሃ ይከብዳልና። ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አይገባበትም። ወይራም ጠንካራ ነው፤ መልኩም ደስ ይላል፤ ነገር ግን በዘይት ወይም በቫርኒሽ ካልተሸፈነ የሳሙናው አረፋ እየገባበት ይሰነጠቃል። የእንጨት መልካምነቱ እርጥብ እጅን አለማንሸራተቱ ነው። እንደ መስታወት የተወለወለ ፕላስቲክ ግን ሳሙና የነካው እጅ ምላጩን ለመክፈትና ለመዝጋት ሲሞክር ያመልጣል። አብዛኛው ሰው ራሱን የሚቆርጠው ሲላጭ ብቻ አይደለም፤ ሲከፍትና ሲዘጋም ነው።

አሁን ደግሞ በጣም እንድትጠነቀቁት የምፈልገው ነገር ላይ ደረስኩ። ሴሉሎይድ። ጆን ዌስሊ ሀያት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ የዝሆን ጥርስን የሚተካ የቢሊያርድ ኳስ ለመሥራት ሲጥር ነው ይህን የፕላስቲክ ዓይነት ለገበያ ያበቃው። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ የዝሆን ጥርስም የኤሊ ልባስም ያስመስላል፤ በዚህ ምክንያት እጅግ ብዙ የድሮ ምላጮች እጀታቸው ሴሉሎይድ ነው። ሚዛኑ ከቀንድ ብዙ አይርቅም። ታዲያ ጥፋቱ ምንድን ነው? ሲያረጅ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ አሲድነት ያለው ጋዝ ይወጣዋል፤ ያ ጋዝ በውስጡ የተኛውን ብረት ያዝገዋል። ብሎም አጠገቡ ያሉትን ያዝጋል! አንድ ጓደኛዬ አራት ምላጮች በአንድ ሳጥን ዘግቶ አስቀመጠ። ሲከፍተው አራቱም ዝገዋል። የታመመው ግን አንዱ ብቻ ነበር። የድሮ ምላጭ ስታገኙ እጀታውን አሽትቱት። የካምፎር፣ ማለትም የብል መከላከያ፣ ወይም የሚሰነፍጥ አሲድ የመሰለ ሽታ ካለው፣ ላዩ ላይ ስንጥቅጥቅና ላብ የመሰለ እርጥበት ካያችሁ፣ ከሌሎቹ ለዩት። ከእሳትም አርቁት፤ ሴሉሎይድ እንደ ችቦ ይነድዳል።

ስለ ዘመናዊዎቹ ባጭሩ ልናገር። አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ ውሃ አይፈራም፣ ሲወድቅ ግን ይሰበራል። በሙጫ ከተጣበቀ ጨርቅና ወረቀት የሚሠሩት፣ ከመስታወትና ከካርቦን ክር የሚሠሩትም፣ አይጣመሙም፤ ጠንካሮች ናቸው። ውበታቸው ለእኔ ቀዝቃዛ ነው፤ ሥራቸውን ግን አላማም። ብረቶቹ፣ አሉሚኒየም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.7 ግራም፣ ናስ 8.5 ገደማ ናቸው። የእኔን የናስ እጀታ ታሪክ አሁን በቁጥር ተረዳችሁት? ከቀንዱ ስድስት እጥፍ በላይ የሚከብድ ነገር ነበር እጄ ላይ የተንጠለጠለው።

ሦስተኛው አጭር ነው። ስትገዙና ስታስጠግኑ ምን ታያላችሁ?

ምስማሩን እዩ። ምላጩ ሲከፈት በራሱ የሚወድቅ ከሆነ ላልቷል፤ በሥራ መሀል እጀታው ይወዛወዛል፤ ቅድም ያልኳችሁ የማዕዘን ማስተካከያም አይቻልም። በሁለት እጅ የሚያስጨንቅ ከሆነ ደግሞ ጠብቋል። ቀጥሎ ዝጉትና ከላይ ተመልከቱ፤ ስለቱ በሁለቱ ክንፎች መካከል ላይ ይተኛል ወይስ አንዱን ይነካል? ከዚያ በእጀታው ጫፍ ሁለቱን ክንፎች የሚለየውን ትንሽ ሽብልቅ እዩ። ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። የድሮ ሠሪዎች ብዙ ጊዜ እርሳስ ከሚባለው ከባድ ብረት ይሠሯት ነበር። እርሳስ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ከ11 ግራም በላይ ነው፤ በእጀታው ዳር ስላለች ሚዛኑን የምታዞረው እርሷ ናት። ጠጋኝ እጁ ላይ በተገኘው ነገር ሲተካት የምላጩ ጠባይ ይለወጣል፤ ባለቤቱም «ድሮ እንዲህ አልነበረም» እያለ ስለቱን ይወቅሳል። የተወቀሰው ስለት ተስሎ ተስሎ ያልቃል፤ ጥፋተኛዋ ግን እጀታው ዳር ላይ ተቀምጣለች።

ቅድም ቃል የገባሁላችሁ የምላጭ መያዣው ነገር አለ። የሚለወጠው ምላጭ የታጣፊውን ቦታ የወሰደው በአንድ ቀን አይደለም። ምላጩ የሚለወጥ መላጫ የሚሠራው የአሜሪካው ጂሌት ኩባንያ ሽያጭ በጀመረበት እ.ኤ.አ. በ1903 የሸጠው 51 መላጫ ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ከ90 ሺህ አለፈ። ሰው ስለትን መሳል ሲተው መመዘንንም ተወ። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት መያዣዎች አንዳንዶቹ እንደ ላባ የቀለሉ ፕላስቲክ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሙሉ ብረት ናቸው። የሚገባባቸው ግማሽ ምላጭ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሙሉ ብረቱ መያዣ ክብደት በአብዛኛው ወደ እጀታው ይሄዳል፤ ቀላሉ ፕላስቲክ ደግሞ እጃችሁን ምንም አይነግራትም፤ ምን ያህል እንደተጫናችሁ አታውቁም። አዲስ ምላጭ ከታጣፊው ይበልጥ ይቅር አይልም። ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ክፈቱትና ጣታችሁ ላይ አስቀምጡት። ሻጩ ቢገረም ይገረም።

ተለማማጆች፣ ጋሼ ከዚያ ቀን በኋላ ያደረጉኝን ልንገራችሁ። ለሁለት ሳምንት ሰው አላስነኩኝም። በየማታው ፊኛ እየነፉ፣ አረፋ እየቀቡ «ላጨው» ይሉኝ ነበር። በናሱ ምላጭ ፊኛው በመጀመሪያው ምት ፈነዳ። በቀንዱ ግን በሦስተኛው ቀን ሙሉ ፊኛ ላጭቼ ጨረስኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደግሞ የናሱንም መልሰው ሰጡኝ። እጀታውን ከወትሮው ይልቅ ወደ ላይ አጥፌ፣ ክብደቱን ወደ ጣቶቼ አቅርቤ ያዝኩት። ፊኛው አልፈነዳም። ጋሼ ምንም አላሉም፤ ሄደው በር ዘጉ፤ ሲመለሱ ፈገግ ብለው ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ እኒያ ሽማግሌ ተመልሰው መጡ። ጋሼ ወንበሩን ለእርሳቸው ሲያዘጋጁ ሽማግሌው እኔን አመልክተው «ልጁ ይላጨኝ» አሉ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አምስት ምላጮች አሉ፤ ስለታቸው በቴፕ ተሸፍኗል። ቀንድ፣ ወይራ፣ አክሪሊክ፣ አሉሚኒየም፣ አምስተኛው ያ የናሱ ነው። ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ኑ፤ ክፈቱና ምስማሩን ጣታችሁ ላይ አሳርፉ። ከቀንዱ ጀምሩ። ቀስ ብላችሁ ያዙት፤ የጋሼ ነው።